ስም ሳይሆን መዝገብ፦ የስኮትላንድ የክብር መዝገብ ቤት አመጣጥና አሠራር

1. ስሙ የማይመሰክረው

ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የፈለሱ የካናዳ፣ የአሜሪካ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ፍለጋ ሲነሡ በእጃቸው ያለው የመጀመሪያ ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ስም ነው። ካምቤል፣ ማክዶናልድ፣ ስቱዋርት፣ ሮበርትሰን። ከስሙ ወደ ጎሳ፣ ከጎሳው ወደ አንድ ግንብና ወደ አንድ አለቃ መሻገር ቀላል ይመስላል፤ የኤድንብራ ሱቆችም ለያንዳንዱ ስም የሚሆን የታርታን ጨርቅ ሰቅለው ይጠብቃሉ። በእኔ እምነት ግን መንገዱ በሌላ በኩል ነው። ተራውን የስኮትላንድ ቤተሰብ ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት ተከትሎ መሄድ የተቻለው በስሙ ወይም በጎሳው ምክንያት አይደለም። ከ1855 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የክብር መዝገብ ቤትና ከእርሱ በፊት በነበሩት የአጥቢያ መዝገቦች ነው። ከእነዚህ አንዱም እንኳ ዘር ለመቁጠር ተብሎ አልተቋቋመም፤ የሚታመኑትም በአብዛኛው ስለዚሁ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በስኮትላንድ ቋሚ የቤተሰብ ስም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በባለርስት መኳንንት ዘንድ ገባ፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ከተማው ነጋዴና ወደ ቆላማው ገበሬ ወረደ። አንዱ በርስቱ ወይም በመጣበት አገር ተጠራ፣ ሌላው በሙያው፣ ሌላው በአባቱ፣ ሌላው ጎረቤት ባወጣለት ቅጽል። ሙሬይ የሚባሉት ስማቸውን ያገኙት ከሞሪ አውራጃ ነው፤ ስቱዋርት የቤተ መንግሥት ሹመት ነበር፤ ካምቤል በጌልኛ «ጠማማ አፍ»፣ ካሜሮን ደግሞ «ጠማማ አፍንጫ» ነው። በአገሩ ከሁሉ በልጦ የሚገኘው ስሚዝ ቀጥቃጭ ማለት ሲሆን፣ ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር ስላልነበረ ባለስሞቹን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ አባት የለም። ጌልኛ በሚነገርበት በሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ ሃይላንድ በሚባለው፣ «የእገሌ ልጅ» የሚለው «ማክ» በየትውልዱ ከአዲስ አባት ስም ጋር ይቀጠል ስለነበረ በብዙ ስፍራ መጠሪያው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አልረጋም፤ በሼትላንድ ደሴቶችማ እስከ 19ኛው ቆይቷል። የአባቱን ስም አስከትሎ በመጠራት ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ቅጽ ላይ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎ ለልጅ ልጆች ሲተላለፍ ያየ ሰው፣ ሃይላንድ የደረሰበትን በራሱ ዘመን አይቶታል።

ስም ሲረጋም ሁልጊዜ የደም መስመርን ተከትሎ አይደለም። በአንድ አለቃ መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛ ከለላ ፍለጋ የአለቃውን ስም መያዙ የተለመደ ነበር። የማክግሬጎር ጎሳ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። በ1603 የንጉሡ ምክር ቤት በዚህ ስም መጠራትን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ ባለስሞቹም ካምቤል፣ ድራመንድ፣ ሙሬይ፣ ግራንት እያሉ ተበተኑ። እገዳው በ1661 ተነሣ፣ በ1693 ተመለሰ፣ በ1774 ለመጨረሻ ጊዜ ተሻረ። በእነዚህ 170 ዓመታት ውስጥ ስንቱ ወደ ቀድሞ ስሙ እንደተመለሰ፣ ስንቱ በተዋሰው እንደቀረ ከስሙ ብቻ ማንም ሊናገር አይችልም። ካምቤል በጃማይካ እጅግ የተለመደ ስም ነው፤ ይህም ስኮትላንዳውያን በስኳር እርሻና በባሪያ ባለቤትነት ላይ የነበራቸው ድርሻ የተወው ምልክት እንጂ ለያንዳንዱ ባለስም የአባት ማስረጃ አይደለም። ጆርጅ ብላክ የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀውና በ1946 የታተመው የስኮትላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ነው። እርሱም ቢሆን የሚያሳየው ስሙ በየትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው አውራጃ ቀድሞ እንደተጻፈ ነው። ከዚያ ሰነድ እስከ ፈላጊው አያት ያለውን ርቀት የሚሞላ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

2. ቤተ ክርስቲያን የያዘችው መዝገብ

በ1552 የስኮትላንድ ካህናት ጉባኤ እያንዳንዱ አጥቢያ የክርስትናና የጋብቻ ማስታወቂያ መዝገብ እንዲይዝ ወሰነ። ከተረፉት ሁሉ ቀዳሚው በፐርዝሻየር አውራጃ የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ሲሆን የሚጀምረው በ1553 ነው። በ1560 የተሐድሶው ለውጥ መጣ፤ አዲሲቱ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንም ልማዱን ተረከበች። ጸሐፊው የአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የመንደሩ አስተማሪም እርሱው ነው። ለያንዳንዱ ምዝገባ የሚቀበለው ጥቂት ሳንቲም ከኑሮው ድጎማ አንዱ ነበር፤ ይህ ሳንቲም ከ300 ዓመት በኋላ የአንድ ትልቅ ሕግ እንቅፋት ይሆናል። ዛሬ ከ900 ያህል አጥቢያዎች የተሰበሰቡ 3,500 ያህል ጥራዞች አሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ጥራዞች የሚመዘግቡት ቤተ ክርስቲያን የፈጸመችውን እንጂ በቤተሰቡ የሆነውን አይደለም። ልደት ሳይሆን ክርስትና፣ ጋብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በጉባኤ ፊት የተነበበው የጋብቻ ማስታወቂያ ነው የተጻፈው። ቀብር ጭራሽ የማይመዘገብባቸው አጥቢያዎች ብዙ ነበሩ፤ ከተመዘገበም አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው አስከሬን የሚሸፈንበት የአጥቢያው ጨርቅ የተከራየበት ሒሳብ ብቻ ነው። በምዕራቡ ደጋና በደሴቶቹ መዝገባቸው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አንዳንዱም ከ19ኛው መጀመሪያ የማያልፍ አጥቢያዎች አሉ። በ1783 መንግሥት በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ 3 ፔኒ የቴምብር ቀረጥ ጣለ፤ በ1794 እስኪነሣ ድረስ ድሃው ልጁን ክርስትና እያስነሣ መዝገቡን ግን ይሸሽ ነበር። ከእናት ቤተ ክርስቲያን የተገነጠሉት ማኅበራት፣ ኤጲስቆጶሳውያኑና ካቶሊኮቹም የየራሳቸውን ያዙ፣ ወይም አልያዙም። በ1843 ከካህናቱ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ወጥተው ነጻ ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን ሲመሠርቱ የአጥቢያው መዝገብ የሕዝቡ ሁሉ መዝገብ ነው ብሎ መናገር አበቃ።

ከአጥቢያው ወረቀቶች ለዘር ሐረግ ፈላጊ ከሁሉ የሚበልጠው ምናልባት የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ከጋብቻ ውጭ ያረገዘች ሴት ትጠራለች፤ አባቱ ማን እንደሆነ ትጠየቃለች፤ የተጠቀሰው ወንድም ቀርቦ ያምናል ወይም ይክዳል፤ ምስክር ይሰማል። ዓላማው ሁለት ነው፦ ተግሣጽ፣ እና የልጁ ቀለብ በአጥቢያው የድሆች ሣጥን ላይ እንዳይወድቅ ከፋዩን ማግኘት። ለአንድም ሰው ክብር ያልተጻፈ ይህ ወረቀት በሌላ መንገድ ፈጽሞ ሊታወቁ የማይችሉ አባቶችን ስም ጠብቆ አቆይቷል። በተቃራኒው ለመኳንንት ቤቶች ማዕረግ የተዘጋጁት የትውልድ ቆጠራዎች የአየርላንድ ነገሥታትና ጀግኖች ላይ መድረስን ይወዳሉ። መዝገብ ለምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅ ምን ተጻፈበት ከማለት ይቀድማል።

3. የ1854 ሕግና የዘገየበት ምክንያት

እንግሊዝና ዌልስ የመንግሥት የክብር መዝገብ የጀመሩት በሐምሌ 1837 ነው። ስኮትላንድ ከዚያ 18 ዓመት ቆየች፤ ፍላጎት ጠፍቶ አልነበረም። ግላስጎና ዳንዲ በፋብሪካ ሥራ ፈላጊ ተጨናንቀው በ1832፣ በ1848 እና 1849፣ ዳግም በ1853 እና 1854 ኮሌራ ሲገባባቸው ሐኪሞች ማን በምን በሽታ በስንት ዓመቱ እንደሞተ የሚያሳይ ቁጥር አልነበራቸውም። የሕይወት መድን ኩባንያዎች የዕድሜ ሰንጠረዥ ፈለጉ፤ ጠበቆች ለወራሽነት ክርክር የሚሆን የልደት ማስረጃ ፈለጉ። ረቂቅ ሕጎች ግን ከ1829 ጀምሮ አንዱ በሌላው ላይ ወደቁ። ቤተ ክርስቲያን መዝገቡን መልቀቅ አልወደደችም፤ ጸሐፊዎቹ አስተማሪዎች ያንን ሳንቲም ሊያጡ ነው፤ የአካባቢ ግብር ከፋዮች ወጪውን ፈሩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የምዝገባው ረቂቅ ከጋብቻ ሕግ ማሻሻያ ጋር መታሰሩ ነበር። በስኮትላንድ ወንድና ሴት ያለ ቄስ በምስክር ፊት ቃል ቢገባቡ ጋብቻቸው ይጸና ስለነበረ ይህን መንካት የማያልቅ ክርክር አስነሣ። በነሐሴ 1854 የጸደቀው ሕግ ያለፈው የጋብቻውን ሕግ ትቶ ምዝገባውን ብቻ ስለያዘና የነበሩትን የጉባኤ ጸሐፊዎች በአዲሱ የመዝገብ ሹምነት ለማስገባት በር ስለከፈተ ነው።

መዘግየቱ ግን የማይጠበቅ ጥቅም ሰጠ። ከጥር 1 ቀን 1855 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቅጽ፣ የእንግሊዙን ጉድለት ባዩ ሰዎች የተነደፈ ስለሆነ፣ እጅግ ሆዳም ነበር። የልደት ምዝገባው የልጁን ስምና ሰዓት ብቻ አይጠይቅም፤ የአባትና የእናትን ዕድሜና የትውልድ ስፍራ፣ የተጋቡበትን ቀንና ቦታ፣ የታላላቆቹን ልጆች ቁጥር፣ በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን ለይቶ ይጠይቃል። የሞት ምዝገባው ሟቹ የት እንደተወለደ፣ በአካባቢው ስንት ዓመት እንደኖረ፣ አባቱና እናቱ እነማን እንደነበሩ፣ ማንን እንዳገባ፣ የወለዳቸው ልጆች ስም ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀበረ ይዘረዝራል። ሹሞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ተማረሩ። በ1856 ቅጹ ተቆረጠ፤ በ1861 የወላጆች ጋብቻ ቀንና ቦታ ወደ ልደቱ፣ የትዳር ጓደኛ ስም ወደ ሞቱ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው መልክ ብዙም አልተለወጠም። የዘር ሐረግ ሠሪዎች ከአያቶቻቸው አንዱ በ1855 የሞተ ወይም የወለደ ሲያገኙ ደስታቸው ልክ የለውም፤ ሌላውን ዓመት ይዞ የሚመጣው ደግሞ ትንሽ ይቀናል።

ከ1856 በኋላም የተረፈው ከጎረቤት አገር ይበልጣል። በእንግሊዝ የሞት ምዝገባ የሟቹን ወላጆች አይጠቅስም ነበር፤ የጋብቻው ምዝገባም እስከ 2021 ድረስ የሙሽሮቹን አባቶች እንጂ እናቶች አይጽፍም። በስኮትላንድ ግን በልደት፣ በጋብቻና በሞት ሁሉ እናት አለች፤ ያለችውም ከባሏ በወረሰችው ስም ብቻ ሳይሆን ከአባቷ ቤት ባመጣችው ነው። ይህ የሹሞቹ ፈጠራ አልነበረም፤ በስኮትላንድ ልማድና ሕግ ሴት ስታገባ የቀድሞ ስሟ አይጠፋም፤ በመቃብር ድንጋይና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይም የሚታየው እርሱው ነው። አዲሱ ቅጽ ያደረገው ነገር ልማዱን አስገዳጅ ማድረግ ነው።

4. አሠራሩ

አገሩ ከ1 ሺህ በላይ በሆኑ የምዝገባ ወረዳዎች ተከፈለ። በየወረዳው የሚጽፈው ሹም መዝገቡን በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ በአካባቢው ይቀራል፣ ሌላው ዓመቱ ሲዘጋ ወደ ኤድንብራ ይሄዳል። ከማዕከሉ የተላኩ መርማሪዎች በየዓመቱ ወረዳዎቹን እየዞሩ ጽሑፉን መስመር በመስመር ያዩ ነበር፤ የተሳሳተ ቢገኝ ሹሙ ፍቆ እንዲያርም አይፈቀድለትም። እርማቱ በሌላ የእርማት መዝገብ ተጽፎ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጎን ምልክት ይደረጋል። በዚህ የእርማት መዝገብ የሚገኘው ከዋናው የሚልቅበት ጊዜ አለ፦ በፍርድ የተረጋገጠ አባትነት፣ ድንገተኛ ሞት ላይ የአቃቤ ሕግ ማጣራት የደረሰበት ምክንያት። ያለ ቄስ የተፈጸመ ጋብቻም በአውራጃው ዳኛ ማዘዣ ይመዘገብ ነበር፤ በቃል መግባባት ብቻ የሚጸናው ይህ ዓይነት ጋብቻ የተሻረው በ1940 ነው። ዛሬም ሕጉ ልደትን በ21 ቀን፣ ሞትን በ8 ቀን፣ ጋብቻን በ3 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ያዝዛል።

ቅጂዎቹ የሚከማቹበት ሕንፃ ከ1859 ጀምሮ ተሠራ፤ የአርክቴክቱ የሮበርት ማቲሰን ሥራ ነው። ውስጡ ከፍ ያለ ጉልላት ሲሆን፣ በዙሪያው በአምስት ፎቅ የብረት መደርደሪያ ላይ ቀይ የልደት፣ አረንጓዴ የጋብቻ፣ ጥቁር የሞት ጥራዞች ተደርድረዋል። ሕጉ ከ1820 በፊት ያሉ የአጥቢያ መዝገቦች ሁሉ ወደዚህ እንዲገቡ፣ ከ1820 እስከ 1854 ያሉት ደግሞ በአካባቢው ሹም እጅ 30 ዓመት ቆይተው እንዲከተሉ አዘዘ። በ1861 የሕዝብ ቆጠራውም ለዚሁ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። በዚህም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የመንግሥት መዝገብና በየ10 ዓመቱ ቤት ለቤት የተወሰደው ቆጠራ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ፤ ለፈላጊው ከሁሉም የጠቀመው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሰንሰለቱን እንመልከት። በ1862 በዳንዲ ከተማ የ70 ዓመት ባልቴት ሞተች እንበል። የሞት ምዝገባዋ የአባቷን ስምና ሥራ፣ የእናቷን የቀድሞ ስም ይሰጣል። ሴትዮዋ የተወለደችው በ1792 ገደማ፣ የቴምብሩ ቀረጥ ባለበት ዘመን ነው፤ ክርስትናዋ በአጥቢያው መዝገብ ላይኖር ይችላል። ወላጆቿ ግን ከሞቷ ምዝገባ ላይ አሉ። ከእርሷ ወደ ፊት ሲኬድ ከ1861 ወዲህ የተወለደ የልጅ ልጇ ልደት ወላጆቹ የተጋቡበትን ቀንና ቦታ ይነግራል፤ ያ ጋብቻ ከ1855 ወዲህ ከሆነ የሁለቱንም ወገን ወላጆች ይነግራል፤ የ1841፣ የ1851 እና የ1861 ቆጠራዎች ቤተሰቡ በየትኛው ጎዳና ከነማን ጋር እንደኖረ ያሳያሉ። እያንዳንዱ ወረቀት ቀጣዩን ወረቀት የት እንደምንፈልግ ይጠቁማል፤ ከአንዱ የጎደለው በሌላው ይፈተሻል። በ1855 የጀመረ መዝገብ ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን የሚመሰክረው እንዲህ ነው። ድሃ ለሆኑት ደግሞ ከ1845 የድሆች ሕግ ወዲህ እርዳታ ለመጠየቅ የሰጡት ቃል አለ፤ የግላስጎው ክምችት የጠያቂውን ወላጆች፣ የትውልድ ስፍራና የኖረባቸውን ቤቶች የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ርስት ላላቸው ከ1617 ጀምሮ የመሬት ዝውውር መዝገብ፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኑዛዜዎች አሉ። የድሃው ማመልከቻ ከባለርስቱ ወረቀት ይልቅ ስለ ቤተሰብ መናገሩ ግን አስገራሚ አይደለም፤ ድሃው የማን እንደሆነ ማሳመን ነበረበት።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መዝገቡ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በሞት ጊዜ ቃሉን የሚሰጠው ልጅ፣ አማች ወይም የቤት አከራይ ነው፤ አያቱን አይቶ የማያውቅ ሰው የአያቱን ሚስት የቀድሞ ስም እንዴት ያውቃል? ዕድሜ ይገመታል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው ሲሞት ልጆቹ አባት ይፈጥሩለታል፤ ጋብቻ ያልፈጸሙ ወላጆች ቀን ያወጣሉ። ተቃውሞው እውነት ነው፤ የመዝገቡን ዋጋ ግን አያፈርስም፤ አጠቃቀሙን ብቻ ይወስናል። ሹሙ የተናጋሪውን ስምና ከሟቹ ጋር ያለውን ዝምድና፣ ሲሞት አብሮ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ጭምር ስለሚጽፍ፣ አንባቢው ምስክሩን የሚመዝንበት መሣሪያ ከዚያው ገጽ ላይ ያገኛል። አንድ ውሸት ደግሞ በልደት፣ በጋብቻ፣ በሞትና በአራት ቆጠራዎች ውስጥ ሳይጋለጥ ማለፍ ይከብደዋል፤ ጎሳዬ ከእገሌ ንጉሥ ይወርዳል የሚል ቃል ግን የሚፈተሽበት ሁለተኛ ወረቀት የለውም።

5. ጎሳ፣ ታርታንና አርማ

ጎሳው እውነት ነበር፣ ይህን መካድ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ጎሳ በሃይላንድ የመሬት፣ የጦርና የዳኝነት ድርጅት ነበር። ጥያቄው የደም ማኅበር ነበር ወይ የሚለው ነው። አለቃው መሬት ሰጥቶ ታጣቂ የሚያገኝበት ሥርዓት እንደመሆኑ፣ በአንድ ስም ሥር ዘመድም፣ አማችም፣ ጥገኛም ይገባ ነበር። በ1746 በከሎደን ጦርነት የጃኮባይቶች፣ የተባረረውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት የደገፉት፣ አመፅ ሲሰበር፣ በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው ሕግ የአለቆቹን የዘር ዳኝነት ሻረ፤ የደጋው ልብስም እስከ 1782 ተከለከለ። ከአመፀኞቹ ከተወረሰ ርስት የተገኘ 12,000 ፓውንድ በሮበርት አዳም ለተነደፈው ለዋናው ቤተ መዛግብት መነሻ ሆነ፤ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1774 ነው። የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ዛሬ የሚቀመጡት በከፊል የጎሳ አለቆች ርስት ባቆመው ቤት ውስጥ መሆኑ ታሪክ አንዳንዴ ከሚቀልዳቸው ቀልዶች አንዱ ነው።

የስም ማኅበራት የተስፋፉት ጎሳ ኃይሉን ካጣ በኋላ ነው። ቀደም ያለው በ1725 በግላስጎ የተመሠረተው የቡካናን ማኅበር ቢሆን የተቋቋመው ስሙን የያዙ ድሆችን ለመርዳትና ልጆቻቸውን ሙያ ለማስተማር ነበር። በ1778 የተመሠረተው የለንደን የሃይላንድ ማኅበር በ1815 አለቆቹን የጎሳችሁን ታርታን ላኩ ብሎ ጠየቀ፤ ብዙዎቹ ምን እንደሚልኩ ጨነቃቸው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንብራን ሲጎበኝ በደራሲው በዎልተር ስኮት መሪነት በተዘጋጀው ትርዒት ሁሉም የየራሱን ታርታን ለብሶ እንዲቀርብ ተደረገ። በ1842 ሁለት ወንድማማቾች ጥንታዊ ጽሑፍ ነው ብለው ያወጡት የታርታን መጽሐፍ የፈጠራ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእርሱ የተወሰዱ ብዙ ንድፎች ግን እስከ ዛሬ ይለበሳሉ። ማኅበራቱን ለማቃለል አይደለም፤ ለፈለሱ ሰዎች መሰብሰቢያ ሆነዋል፣ የመቃብር ጽሑፍና የአካባቢ ታሪክ አሳትመዋል። የማይሰጡት የልጅነት ማስረጃ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚደናገረው የአርማው ጉዳይ ነው። የሎርድ ላየን ፍርድ ቤት በ1672 በወጣ ሕግ የጋሻ አርማዎችን ሁሉ በይፋ መዝገብ ይይዛል፤ እስከ ዛሬም በወንጀል የመቅጣት ሥልጣን አለው። በእርሱ ሕግ አርማ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ የቤተሰብ ስም አርማ የሚባል ነገር የለም። በስጦታ ዕቃ ሱቅ «የእርስዎ ቤተሰብ አርማ» ተብሎ የሚሸጠው በስኮትላንድ ሕግ የሌላ ሰው አርማ ነው።

6. መዝገብ ቤቱ ዛሬ

መሥሪያ ቤቱ ለሐኪምና ለጠበቃ ተብሎ ተቋቁሞ ለተራ ሰው የቤተሰብ ጥያቄ መዋል የጀመረው በዋናነት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የስኮትላንድ የዘር ሐረግ ማኅበር በ1953 በኤድንብራ ተመሠረተ፤ አባላቱ ከ1855 በፊት የተጻፉትን የመቃብር ድንጋዮች በየአውራጃው መገልበጥ ያዙ። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ለሃይማኖቷ ስትል የአጥቢያ መዝገቦቹን በማይክሮፊልም አነሣች፤ ዓላማዋ ምንም ይሁን ምን ፊልሙ ከኤድንብራ ውጭ ላለ ሰው በር ከፈተ። በ1970ዎቹ የአውራጃ የቤተሰብ ታሪክ ማኅበራት ተበራከቱ፤ በ1981 በሙያው የሚሠሩት ተመራማሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1998 መዝገብ ቤቱ ማውጫዎቹን በኢንተርኔት አወጣ፤ በ2002 ደግሞ ስኮትላንድስፒፕል የተባለው አገልግሎት ተጀመረ። በ2011 መሥሪያ ቤቱ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ጋር ተዋሕዶ የስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ሆነ። የጉባኤዎቹ ቃለ ጉባኤ በ2021፣ የ1921 ቆጠራም በ2022 ወደ ኢንተርኔት ወጡ። የታርታን ንድፎች መዝገብም ከ2009 ጀምሮ በዚሁ ቤት ሥር ነው፤ ማንም አዲስ ንድፍ አስመዝግቦ ስሙን ሊሰጠው ይችላል፤ ስለ ታርታን ጥንታዊነት የሚደረገውን ክርክር ይህ ብቻውን ይዘጋዋል።

ሁሉም ነገር ለሁሉም ክፍት አይደለም። በኢንተርኔት የልደት ምዝገባ ምስል የሚታየው 100 ዓመት፣ የጋብቻ 75፣ የሞት 50 ካለፈው በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በኤድንብራ ማዕከል ቀርቦ ወይም ቅጂ ከፍሎ አዝዞ ነው። የቆጠራ ቅጾችም 100 ዓመት ይዘጋሉ። ማውጫውን መፈለግ ነጻ ሲሆን ምስሉ ይከፈልበታል። አያቶቼን ለማየት ለምን እከፍላለሁ የሚል ቅሬታ አለ፤ ቅሬታው ከንቱ አይደለም፣ ግን የምስሉ ጥራትና የማውጫው ሥራ በመንግሥት ቤት የሚከናወን በመሆኑ አንዱ ወገን የሌላውን ሳይሰማ ሊፈርድ አይገባም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከቤተ ሙከራ ይመጣል፦ ዲኤንኤ እያለ ለምን በወረቀት እንደክማለን? ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ አንድ የጎሳ ስም የያዙ ሰዎችን በብዙ የማይዛመዱ የአባት መስመሮች ከፋፍሎ ያገኛቸዋል፤ ይህ በ1ኛው ክፍል የተባለውን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። የአጠቃላዩ ምርመራ ደግሞ ሁለት ሰዎች ቅድመ አያት እንደሚጋሩ ይናገራል፤ ያ ቅድመ አያት ማን እንደሆነ፣ የት እንደኖረ፣ የሁለቱ ዝምድና በየትኛው ልጅ በኩል እንደወረደ አይናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ከወረቀት የተሠራ ዛፍ ነው፤ ዲኤንኤው የሚያገለግለው ወረቀቱ የዋሸበትን ወይም የጠፋበትን ለማየት ነው። ስም ፈጽሞ አይጠቅምም ማለትም አይደለም። በአንድ አውራጃ ብቻ የሚገኝ ብርቅ ስም ፍለጋውን ወደ ሁለት ወይም ሦስት አጥቢያ ያጠብበዋል። በሞሪ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መንደሩ ሁሉ ሁለት ሦስት ስም ስለሚጋራ ሹሞቹ ሰውን ለመለየት የቅጽል ስሙን ጭምር በመዝገቡ ያስገቡ ነበር፤ ያ ቅጽል ለፈላጊው ከቤተሰቡ ስም ይበልጥበታል።

መዝገቡ የማይደርስበት አንድ ሰፊ ቦታ አለ። ስኮትላንድ የሚወጡትን አልመዘገበችም፤ ከብሪታንያ ወደቦች የወጡ መንገደኞች ዝርዝር በተከታታይ የተረፈው ከ1890 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ኖቫ ስኮሺያ ወይም ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ የተሻገረ ገበሬ ከአጥቢያው መዝገብ ዝም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ፈላጊው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኤድንብራ አይደለም። በሰፈረበት አገር የሞተውን ሰው የሞት ወረቀት፣ የመቃብር ድንጋይና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይመረምራል፤ ከእነዚያ አንዱ የአጥቢያ ስም ሲሰጠው፣ ወይም የወላጆቹን የሁለቱንም ስም ሲሰጠው፣ ያን ጊዜ የስኮትላንድ ማውጫ ይከፈታል። ተመሳሳይ ስም የያዙ አሥር ጆን ማክዶናልዶች ከዚያ ማውጫ ውስጥ ይቀርቡለታል፤ ከአሥሩ አንዱን የሚለይለት ብዙ ጊዜ የእናትየው ስም ነው።